ሙሽራ የሌለበት መልስ

ሰኞ ጠዋት ባየ ሲጮህ ሙዜን ገና ከጆንያው አላወጣሁም። ባየ ማለት እኔ በሩ ላይ ሙዝ የምሸጥበት የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ዘበኛ ነው። ሰውየው በሬ ያክላል፣ ጩኸቱ ግን የጫጩት ነው። "ሰው ሞተ እንዴ?" ብዬ ነጠላዬን እየጎተትኩ በሩን አልፌ ገባሁ። ሰው አልሞተም። ሰርቨሩ የለም።

ሰርቨር ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር፤ ዲቦራ ናት አንድ ቀን አስገብታ ያሳየችኝ። ጥቁር ሳጥን ነው፣ እንደ ትንሽ ፍሪጅ፣ ሲያጉረመርም ውሎ ሲያጉረመርም የሚያድር። ለብቻው ክፍል አለው፣ ቬንቲሌተር ይነፋለታል። ከባየ ኑሮ የእሱ ይሻላል። ሆዱ ውስጥ ያለው ግን ቀልድ አይደለም፤ የገበሬው ሁሉ የቡና ማሳ ካርታ ነው። ፈረንጆቹ ዘንድሮ ቡናውን ቀምሰው ብቻ አይገዙም። "የበቀለበትን አሳዩን፣ ጫካ ተቆርጦበት እንዳይሆን" ይላሉ። ስለዚህ የዩኒየኑ ልጆች ስልክ ይዘው፣ በጭቃ በዝናብ፣ አልቅት ከእግራቸው እየነቀሉ፣ እያንዳንዱን ማሳ ዙሪያውን ሄደው ለክተው ነው እዛ ሳጥን ውስጥ ያስገቡት። ካርታ ከሌለ የሚገዛ የለም። ቡናው ጆንያ ውስጥ ይሻግታል ማለት ነው።

የክፍሉ በር አልተሰበረም። ቁልፉ ጭረት እንኳን የለበትም። ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ሥራ አስኪያጁ አቶ ወልደጻድቅና ዲቦራ ብቻ ናቸው። ዲቦራ የኮምፒዩተሩ ኃላፊ ናት፤ እኔ ግቢ ተከራይታ ነው የምትኖረው። አባቷ አቶ አሞጽ ሸኮ ወረዳ ላይ ቡና አለው፣ የእሱም ማሳ እዛው ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

ያን ቀን የገበሬ ተወካዮች ስብሰባ ስለነበር ግቢው ሙሉ ነው። ኢንስፔክተር ባስልኤል መጣ። በቅርብ ነው ከቦንጋ የተዛወረው፣ ረጅም፣ በከተማችን በሚዛን ጭቃ ውስጥ ጫማው የማይቆሽሽ። ይሄ ራሱ ያጠራጥራል። ክፍሉን አየ፣ ቁልፉን አየ፣ መሬቱን አየ።

አቶ ወልደጻድቅ ደረጃው ላይ ወጥቶ እጁን አነሳ። "አይዟችሁ! ዕቃው ቢሰረቅ መረጃው አልተሰረቀም። ደመና ላይ አለ!"

ገበሬው ሁሉ ቀና አለ። በሰማዩ ላይ ያለው ደመና ደግሞ ጥቁር ነው፣ ሊወርድ የደረሰ።

"ታዲያ ሳይዘንብ አውርዱልና!" አለ አንዱ።

ሳቅ ሆነ። ያቺ የመጨረሻዋ ሳቅ ናት። ቴዲ ተጠራ፣ ከጎረቤት ከተማ ከአማን በባጃጅ ደረሰ። ቴዲ የአቶ ወልደጻድቅ ሚስት ወንድም ነው፣ አማን ቤቱ በር ላይ "የደመና አገልግሎት" የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። የዩኒየኑን መረጃ በየማታው በኔትወርክ እየጎተተ ሌላ ቦታ የሚያስቀምጥ እሱ ነው። ባክአፕ ይሉታል። ላፕቶፑን ከፈተ፣ ነካ ነካ አደረገ፣ ፊቱን ጥሎ ቀና አለ።

"ተሰርዟል። ሙሉ በሙሉ።"

"ማነው የሰረዘው?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ቅዳሜ ዕለት የተገባው በአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። በዲቦራ።"

ይሄኔ ዲቦራ ከቴፒ ሚኒባስ ወርዳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ በበሩ እየገባች ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ዞሮ አያት። ልጅቷ ቆመች። አቶ አሞጽ ከገበሬዎቹ መሃል ነበር፤ ሰዎቹ ከአጠገቡ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ ሲሉ ብቻውን ቀረ። በዓይኔ ነው ያየሁት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አንዱ ፖሊስ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እዛው እንደቆመች ጠየቃት። ለቃል መቀበያ ወንበር እንኳን አልሰጧትም።

"ከቅዳሜ ጀምሮ የት ነበርሽ?"

"ቴፒ። መልስ ላይ ነበርኩ።"

"ከማን ጋር?"

"ከኢክላስ ጋር፣ የቴፒ ቅርንጫፍ ሠራተኛ። እሁድም እሷ ጋ ነው ያደርኩት። መልሱ ግን አልተሳካም፣ እሱን ነው ለመናገር—"

"እሱን ተይው፣ የተጠየቅሽውን ብቻ።"

አቶ ወልደጻድቅ አጠገቧ ቆሟል። ቴዲም ቆሟል። ሁለቱም ጫማቸውን ያያሉ። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ሆኜ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? "ይቺ ልጅ የሰው መልስ በልታ መጥታ ለእኔ አንድ ቁራሽ ዳቦ ሳታመጣ!" አልኩ። በዛ ሰዓት ያናደደኝ እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሶቹ ቴፒ ጣቢያ ደወሉ። ኢክላስ የምትባል የዩኒየን ሠራተኛ ሰርግ ነበራት ወይ? የለም። አግብታለች ወይ? ኧረ አላገባችም፣ የታጨችም አይመስለንም። ይኸው ነው። አንድ ሰው ተነስቶ ለራሷ ለኢክላስ አልደወለም! እኔ እንቁላል ስገዛ እንኳን ከዚህ የበለጠ እጠይቃለሁ። ኢንስፔክተሩ ተመልሶ ለዲቦራ "ቴፒ ጠይቀናል፣ ያልሽው ነገር የለም" አላት። እሷ ቀላች፣ ከዛ ገረጣች።

"ኢክላስ ናት የለም ያለችው?"

"የለም ብለውናል።"

አፏን ያዘች። ከዛ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣትም። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ለፖሊስ ያመነ ነው። በሰው ፊት እጇን ይዘው ፒክአፑ ላይ አወጧት። "ካርታችንን ሸጠችው" የሚል ወሬ ከፒክአፑ ቀድሞ ገበያ ደረሰ።

አሁን ይሄን ባክአፕ የሚሉትን ማን እንደመረጠው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጉዱ ከዛ ነው የሚጀምር። አምና ነው። ዲቦራ ስብሰባ ውላ መጥታ፣ እግሯን እየታጠበች ነው የነገረችኝ። ሶስት ድርጅት ቀረበ። አንዱ የአዲስ አበባ ነው፤ መረጃችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ፣ አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው አለ፣ ቆልፌ አስቀምጣለሁ፣ ቁልፉ እናንተው ጋ ይሁን አለ። ሁለተኛውም የአዲስ አበባ ነው፤ በየወሩ ያስቀመጥኩትን ፊታችሁ መልሼ አሳያችኋለሁ አለ። ሶስተኛው ቴዲ ነው። ቴዲ ምን አለ? "እናንተ ምንም አታስቡ፣ ለእኔ ተዉት።"

ዲቦራ እጇን አውጥታ ጠየቀች። "ሰርቨሩ ድንገት ቢቃጠል በምን ያህል ጊዜ ትመልስልናለህ?"

"ለምን ይቃጠላል? ሟርት አታውሪ እንጂ!"

ኮሚቴው ሳቀ። አቶ ወልደጻድቅም "ልጅት፣ ሟርተኛ ነሽ ለካ" ብሎ ጨመረበት። "ቴዲ የአገር ልጅ ነው፣ ሲጠራ ይመጣል" ተባለ፣ እጅ ወጣ፣ አለቀ። እናንተዬ፣ ዕቃችሁን ጎረቤት ስታስቀምጡ ቤቱ በር አለው ወይ ብላችሁ አትጠይቁም? ወይስ ለዘመድ ሲሆን ያለ በርም ይቀመጣል?

"እማማ" ብላኝ ነበር ያን ቀን፣ "ዋናው የት ተቀመጠ አይደለም። ሲጠሩት ይመጣል ወይ ነው።"

ኢንስፔክተሩ ማክሰኞ እኔ ጋ መጣ። ሙዝ ላጠ፣ አልበላውም።

"እማማ በየነች፣ እርስዎ እዚህ በር ላይ ይውላሉ። እሁድ ማን ሲገባ አዩ?"

"እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ግን ባየ አዲስ ቡት አድርጓል።"

"ምን ማለት ነው?"

"ምን ማለት እንደሆነማ አንተ ነህ ፖሊሱ። ትናንት በሸራ ጫማ የነበረ ሰው ዛሬ የቆዳ ቡት!"

ባየ ተጠራ። ቢሮው መስኮት ሥር ሽንኩርት መግዛት ነበረብኝ፣ እዛ ቆምኩ።

"እሁድ ቀን ሳጥኑ ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ ብለሃል። ማታ የት ነበርክ?"

"እዚሁ፣ ጌታዬ።"

"ፍሪጅ የሚያክል ሳጥን በፊትህ አልፎ አላየህም?"

"እየጸለይኩ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ።"

"ቡቱን ማን ሰጠህ?"

ባየ እግሩን ወንበሩ ሥር ከተተ። ላቡ ወረደ። ኢንስፔክተሩ ካቴናውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ገና፣ ድንች የምትሸጠዋ መበለት በሩን ከፍታ ገባች። ማን እንደነገራት አላውቅም። እኔ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእህቷ ብቻ ነው።

"ቡቱ የሞተው ባሌ ነው!" አለች። "እግሩ ላይ ሲሰፋው አይታይህም? እሁድ ማታ እኔ ቤት ነበር፣ ሽሮ እየበላ! ሌላ የምትጠይቀው አለ?"

የለውም። ባየ የቤተ ክርስቲያን መዘምር ነው፣ እንደ ሕፃን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቀጥሎ ደግሞ ቁራሌው ተጠረጠረ፣ እሁድ በባጃጅ አሮጌ ብረት ጭኖ ሲሄድ ታይቷል ተብሎ። ሄደው ጆንያውን ሁሉ ገለበጡ። የተበላሸ ምጣድና የአንዱ ሆቴል የተሰረቀ ቧንቧ ተገኘ። የሆቴሉ ባለቤት ደስ አለው። እኛ ምን አገኘን? ምንም።

ለዲቦራ ምሳ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ጣቢያው በር ላይ ቆመን ነው የምንነጋገር፣ ፖሊሱ መሃላችን ቆሞ። ልጅቷ ጉንጯ ገብቷል።

"ብይ እንጂ ዲቦሬ።"

"ኢክላስ ከካደችኝ ምን ልናገር፣ እማማ? ሌላ ያየ ሰው የለም።"

"አንቺስ ብትሆኚ! መልስ ስትበዪ ለእኔ ቁራሽ ሳታስቀሪ!"

ያበድኩ ይመስል አፍጥጣ አየችኝ። "የምን መብላት?" አለች።

"በቃ፣ ሰዓት ደርሷል!" አለ ፖሊሱ፣ በሩን ዘጋው። የእሱ ሰዓት ሁልጊዜ ወሬ ሲጥም ነው የሚደርስ።

አቶ አሞጽ ያን ቀን ከሸኮ በእግሩ መጥቶ እኔ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ዝም ያለ ሰው ነው። "እማማ" አለኝ፣ "ሰርቃ ከሆነ ትታሰር። የእኔን ማሳም የሰውንም ማሳ እኔ ራሴ ደግሜ እየዞርኩ እለካለሁ። ካልሰረቀች ግን ማነው ስሟን የሚመልስልኝ?" ሙዝ ሰጠሁት፣ እሱም አልበላም። ያን ሳምንት ሙዜን የሚበላ ጠፋ።

ረቡዕ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ጋ ትዕግስቴ አለቀ። በበሩ ሲያልፍ ጠራሁት።

"ና እዚህ! ቦንጋም እንዲህ ነው የምትሠሩት? አንዲት ያልተማረች ፖሊስ ጣቢያ የማታውቅ ልጅ—"

"ዲግሪ አላት፣ እማማ።"

"ዲግሪ ይዛ ነዋ የታሰረች! አቶ ወልደጻድቅ ያለ ዲግሪ ውጭ ነው!"

ሳቁን ዋጠ። አግዳሚዬ ላይ ተቀመጠ። ከኪሱ ስልክ አወጣ፤ ሰኞ ከዲቦራ የወሰዱት ነው፣ ከዛን ቀን ጀምሮ እንደተዘጋ። ከፈተው። ስልኩ እንደ ዶሮ ጫጩት ጪው ጪው ጪው አለ። ያልደረሰ ሁሉ ባንዴ ገባ።

ኢንስፔክተሩ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ጫማውን ጭቃው ውስጥ ሲያስገባው ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት።

"እማማ፣ ይሄ የቴዲ መልእክት ነው። 'የዛሬው ባክአፕ ተሳክቷል። እናመሰግናለን።' የሰኞ ጠዋት ነው።"

"እሺ?"

"ሰርቨሩ ሰኞ ጠዋት የለም። እሁድ ማታ ነው የተወሰደው። ይኸው የማክሰኞም አለ። ተሳክቷል። ይኸው የዛሬም። ተሳክቷል።"

"ላሚቱ ከተሰረቀች በኋላ ወተት እየታለበ ነው በለኛ!"

"እሱ ብቻ አይደለም። ኢክላስ ስትደውል ነው የከረመችው። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ዛሬ ጠዋት።" ስልኩን ኪሱ ከተተ። "የካደ ሰው ይሄን ያህል ይደውላል?"

ተነስቶ ወደ መናኸሪያ አቀና። ቴፒ እህት አለችኝ። ታማለች ማለት ይቻላል፣ ሁልጊዜ ወገቧን ያማታል። ሙዜን ለመበለቷ አደራ ሰጥቼ እዛው ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ኢንስፔክተሩ ዞሮ አየኝ፣ ተነፈሰ፣ መስኮቱን ከፈተ።

ኢክላስ ቴፒ ቅርንጫፍ ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተሯ ላይ ተቀምጣለች፣ ሻሿን አሳምራ የጠመጠመች ቀይ ዳማ። ኢንስፔክተሩ ራሱን ሳያስተዋውቅ ጀመረ፣ ቸኩሏል።

"ኢክላስ አንቺ ነሽ? አግብተሻል?"

ልጅቷ እሱን አየች። እኔን አየች። የእኔን ነጠላ አየች።

"ምነው፣ እናትዎን ይዘው ነው ሽምግልና የመጡት?"

እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ፣ ሳቅ ሊገለኝ ነው። ኢንስፔክተሩ መታወቂያውን ሲያወጣ ጆሮው ቀልቷል።

"ፖሊስ ነኝ። ቅዳሜ የማን መልስ ነበር?"

"የሰርቨሩ።"

"የማን?"

"የሰርቨሩ፣ የመረጃው። ዲቦራ አልነገረቻችሁም? ስታሰለጥነን ሪስቶር የሚለው ቃል አፋችን ላይ አልያዝ አለ። እሷም 'በቃ መልስ በሉት' አለችን። 'ማስቀመጡ ሰርጉ ነው፣ መመለሱ መልሱ ነው። ሰርግ ሁሉ ያምራል፤ የተዘጋጀ ቤት የሚታወቀው በመልሱ ነው።' ከዛ ወዲህ ዩኒየን ውስጥ ሁላችንም መልስ ነው የምንለው። ሥራ አስኪያጁም ሳይቀር።"

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ ሳቄ ባንዴ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁም ሳይቀር! ሰኞ አጠገቧ ቆሞ አልነበረም እንዴ? "መልስ ላይ ነበርኩ" ስትል ሰምቷል። ፖሊሱ ሰርግ ብሎ ሲጽፍ አይቷል። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፣ "የሥራ ቃል ነው" ማለት። ጫማውን እያየ ልጅቷን ፒክአፕ ላይ አስጫናት! እኔስ አላውቅም፣ ያላወቀ ይሳሳታል። እያወቀ ዝም ያለ ሰው ምን ይባላል?

"መልሱስ እንዴት ሆነ?" አለ ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ።

"ባዶ። የሸኮ ብሎ ተጽፏል፣ የቴፒ ብሎ ተጽፏል፣ ስሙ ሁሉ በተራ ተደርድሯል። ሲከፈት ውስጡ ምንም የለም። ድግስ ተጠርተው የድስቱን ክዳን ሲያነሱ ባዶ ድስት ይበሉት። መጀመሪያም ገብቶበት አያውቅም። ዲቦራ እዚሁ ቁጭ ብላ ለአቶ ወልደጻድቅ ደወለች፣ እኔም እሰማለሁ። 'ባክአፕ የለንም፣ ሰኞ ለገበሬው መናገር አለብኝ' አለችው።"

"እሱስ?"

"'ሰኞ ራሴ እናገራለሁ፣ እስከዛ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።' ሰኞ ደግሞ ለእኔ ደውሎ፣ 'ሥራሽን ከወደድሽ ስለ ቅዳሜ አታንሺ' አለኝ። ታስራለች ብሎ አልነገረኝም። ስልኳ አልሠራ ሲለኝ አመመኝ። ታስራለች እንዴ?"

ኢንስፔክተሩ አልመለሰላትም። እኔ መለስኩላት። ልጅቷ ቢሮውን ቆልፋ ከእኛ ጋር ሚኒባስ ገባች፣ ሥራዋን ትውደድ አትውደድ።

ሚዛን ስንደርስ ኢንስፔክተሩ ቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣ። ቴዲንም አስጠራው። እኔ ሙዝ ልሸጥላቸው ገባሁ፤ ማንም አልጠራኝ፣ ማንም አላስወጣኝ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ቴዲ፣ ይሄን መልእክት አንብብልኝ።"

"'የዛሬው ባክአፕ ተሳክቷል።'"

"ምኑ ነው የተሳካው?"

"እሱማ... ሲስተሙ ነው የሚልከው፣ በራሱ።"

"ዲቦራ ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ ሰረዘችው አላልክም? ሰርቨሩ እሁድ ተሰረቀ። ታዲያ የሌለውን ከሌለው ላይ ወስደህ የት እያስቀመጥክ ነው?"

ቴዲ ላፕቶፑን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ።

"መልእክቱ ሲስተሙ ቢሠራም ባይሠራም ይሄዳል" አለ ኢንስፔክተሩ። "ከአምና ጀምሮ። አይደል? እርስዎስ፣ አቶ ወልደጻድቅ? ሰኞ ደረጃው ላይ ወጥተው 'ደመና ላይ አለ' ሲሉ ባዶ መሆኑን ያውቁ ነበር። ቅዳሜ ተነግሮዎታል። የነገረችዎት ልጅ የት ናት?"

አቶ ወልደጻድቅ ከመቀመጫው ብድግ አለ፣ ግን ወደ ኢንስፔክተሩ አይደለም፣ ወደ ሚስቱ ወንድም ነው። "አንተ ነህ ጉድ ያረግከኝ! እህትህን ብዬ እንጂ አንተን ማን ያምን ነበር!"

"ቁልፉን ማን ሰጠኝ?" አለ ቴዲ።

አቶ ወልደጻድቅ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"ቁልፉን ማነው የሰጠኝ፣ ጋሼ? 'ሰኞ ሳይሰበሰቡ አድርሰው' ያለኝ ማነው?" እንባው መጣ። "ልሰርቅ አይደለም፣ ኢንስፔክተር! እማማ ሙች! ልገለብጠው ነው የወሰድኩት። ዲቦራ ሰኞ ትናገራለች ስባል፣ ባክአፑ እንዲኖር። በኔትወርክ ልጎትት ብል በዚህ ኔትወርክ መቼ ያልቃል? ሳጥኑን ራሱን ቤቴ ወሰድኩት። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ ጧ አለ። ሸተተ። ከዛ... ከዛ ምን ልበል?"

"ዲቦራ ሰረዘችው አልክ" አለ ኢንስፔክተሩ።

"አዎ።"

እማማ ሙች ሲል እኔን እያየ ነበር። እኔ አልሞትም! በእኔ ስም እንዳይምል ነገርኩት።

ሳጥኑ አማን ተገኘ፣ ከአልጋው ሥር፣ ጆንያ ለብሶ። "የደመና አገልግሎት" ከሚለው ሰሌዳ ሥር ባለው ክፍል። ደመናቸው እሱ ነበር።

ቴዲን በዛው ቀን ጣቢያ አስገቡት። አቶ ወልደጻድቅ ግን ሰው አለው፤ "ለዞን መነገር አለበት፣ ፈቃድ ይምጣ" ተባለ። እሱ ወንበሩ ላይ ቀረ። ኢንስፔክተሩ ጥርሱን ሲያፋጭ ሰምቻለሁ፣ ግን ጥርስ ማፋጨት ፈቃድ አይሆንም።

ከዛ ሌላ ነገር መጣ። የተቃጠለው ሳጥን ሆዱ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅ ሰው የለም። ሊከፍተው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ጣቢያ የታሰረችው ዲቦራ ናት። ሲመሽ ሲል ኢንስፔክተሩ ዲቦራን የጣቢያው ጓሮ በር ላይ አመጣት። እኔ፣ ኢክላስና አቶ አሞጽ ውጭ ቆመናል። ኢክላስ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ "አልካድኩሽም፣ ማንም አልጠየቀኝም" እያለች። ዲቦራ ፊቷን ትከሻዋ ላይ ቀብራ ቆየች።

"በነፃ ተለቀሻል" አለ ኢንስፔክተሩ። "ባጃጅ አለ። ቀጥታ ሰርቨሩ ጋ ብንሄድ..."

ዲቦራ በሩን አየች። የጓሮ በር ነው፣ ከበስተኋላው እንሰት ብቻ።

"በዚህ በር አልወጣም።"

"ዲቦራ—"

"በሰው ፊት ነው ያስገባችሁኝ። አባቴ እያየ። በሰው ፊት አስወጡኝ። ካርታው ያለበትን ዲስክ ማንም እንዳይነካው፣ መብራትም እንዳይሰጡት። ገበሬው ሲሰበሰብ እወጣለሁ።" ዞራ ተመልሳ ገባች። በሩን ከውስጥ እሷው ዘጋችው።

ፖሊስ ሰው አልወጣም ሲለው ምን እንደሚሆን አይቼ አላውቅም ነበር። ኢንስፔክተሩ እዛው ቆሞ ጭንቅላቱን አከከ። አቶ አሞጽ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙዝ ጠየቀኝ።

ዓርብ ገበሬው መጣ። ከሸኮም፣ ከቴፒም፣ ከሩቁ ከቱም ከተማ ሳይቀር። ዲቦራ በዩኒየኑ ዋና በር ገባች፣ ከፊት አባቷ፣ ከጎን ኢክላስ። ኢንስፔክተሩ መናገሪያ ቦታ ፈልጎ አጣ፤ ደረጃው የሥራ አስኪያጁ ነው። የቡና መመዘኛው ሚዛን ግቢው መሃል ነበር፣ ያ ትልቁ የብረት መድረክ። እሱ ላይ ወጣ። ቀስቱ ተወዛወዘ።

"ክብደትህን ልትነግረን ነው?" አለ አንዱ።

"የራሴን ጥፋት ልነግራችሁ ነው" አለ። ሳቁ ቆመ። "ይቺ ልጅ ሰኞ እዚህ ቆማ እውነቱን ነግራናለች። 'መልስ ላይ ነበርኩ' አለች። ያስቀመጣችሁት ነገር ሲጠራ ይመጣል ወይ ብላ እየሞከረች ነበር፣ ለእናንተ። እኛ ሰርግ መሰለን። መጠየቅ የነበረብንን ሰው አልጠየቅንም። ውሸታም አልናት። ውሸታም አይደለችም። ይሄን በጓሮ ልነግራት ፈልጌ ነበር፣ እምቢ አለችኝ። ልክ ናት።"

ወረደ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ከአቶ አሞጽ ፈቀቅ ብለው የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ ትከሻውን ነኩት። እሱ አላያቸውም፣ ልጁን ነው የሚያየው።

"አሁንስ ማንን እንምረጥ?" አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አምና የሳቁት።

"አሁን ምንም አልመርጥላችሁም" አለች ዲቦራ። "መጀመሪያ ይሄን ልየው። ከዛ የሚመጡትን ሁሉ እዚህ፣ እናንተ ፊት፣ አንድ ማሳ ሰጥታችሁ አስቀምጡ በሏቸው። በሳምንቱ መልሱ በሏቸው። አጎት ይሁን አማች አይግባችሁ።" ሳጥኑ ከአማን ወደተመለሰበት ክፍል ገባች፤ ኢክላስ ተከተለቻት፣ በሩን ክፍት ተዉት።

ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። አንድ የሸኮ ሽማግሌ ዱላውን ወደ ሥራ አስኪያጁ መስኮት አነሳ።

"አቶ ወልደጻድቅ! ሚዛኑ ባዶ ነው። አንተም ውጣበትና ተናገር!"

የመስኮቱ መጋረጃ ተነቃነቀ። አልወጣም። ኢንስፔክተሩ ሄዶ በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ፣ ፈቃዱ እስኪመጣ። ዝናቡ ግን አልጠበቀም፣ መጣ። የሚዛን ከተማ ዝናብ ነው፣ ሰው አይለይም። ገበሬው ጆንያ ራሱ ላይ ጣል አደረገ፣ ኮፍያውን ደፋ፣ ቆመ። እኔም አግዳሚዬን ጎትቼ ገባሁ፣ ከሚዛኑ ፊት ለፊት አስቀመጥኩት። ብዙ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ሙዝ አለኝ።